ተጫዋቹን ቀድሞ የሚያስብ ጨዋታ

ውድ አድማጮች፣ «ሜታል ጊር ሶሊድ 2» የሚባል፣ በ2001 የወጣ ጨዋታ አለ። (ከአሁን በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየዓረፍተ ነገሩ እየደጋገምሁ እንዳላሰለቻችሁ አንድ ጊዜ ተናግሬ ልገላገል።) በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ስኔክ የተባለው ሰላይ በታጠቁ ሰዎች የተያዘ መርከብ ውስጥ ሾልኮ ገብቶ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ መጠጥ ቤት ያገኛል። ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ የበረዶ መያዣም ተቀምጧል። ጠርሙሱን በጥይት ብትመቱት ይሰበራል። ይህ ብዙም አያስገርም። የበረዶ መያዣውን ብትመቱት ግን በረዶዎቹ ይበተኑና እያንዳንዳቸው ቀስ በቀስ እያነሱ ይቀልጣሉ። ሲቀልጡ ለማየት ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጠባቂ በሚዘዋወርበት መርከብ ውስጥ፣ ሽጉጥ ይዞ፣ በረዶ ሲቀልጥ ቆሞ የሚመለከት ሰላይ በዓለም ላይ የለም። እንዲህ የሚያደርግ ተጫዋች ግን ሞልቷል።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ዓይነት ነገር ነው፤ ጨዋታውን ለመጨረስ ስለማያስፈልግ፣ ነጥብ ስለማያስገኝ፣ አብዛኛው ሰው ሳያየው ስለሚያልፈው ትንሽ ነገር። ጉዳዩ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንሰማው አድናቆት «ልክ እውነት ይመስላል!» የሚል ነው። እኔ በዚህ አድናቆት አልረካም። የሚቀልጥ በረዶ ማየት ለፈለገ ሰው ከጨዋታው ይልቅ ማቀዝቀዣው ይቀርበዋል። የመርከቡ በረዶ የሚያስደስተን በሌላ ምክንያት ይመስለኛል። «እስቲ ይህን ብመታውስ?» ብለን ስንሞክር፣ ያንኑ ጥያቄ ከእኛ በፊት የጠየቀልን ሰው እንደነበረ እንረዳለን። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የእኛን ሥራ ፈትነት አስቧል፤ አስቦም መልስ አዘጋጅቶልናል። ሐሳቤ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ጨዋታን የሚያበለጽገው ትንሽ ነገር፣ ተጫዋቹ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ቀድሞ ከማሰብ የሚወለድ ነው። የቀረው ጊዜ በሙሉ የምሳሌ ነው።

ከተቃራኒው ልጀምር። በ2018 የወጣው «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» በዝርዝር ነገሮች ብዛት ስሙ የገነነ ነው። ከሁሉ በላይ የተወራለት ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የወንዱ ፈረስ ቆለጥ በብርድ ጊዜ መኮማተሩ ነው። ብዙ ሰው ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። ከሳቁ በኋላ ግን ምን ይቀራል? ተጫዋቹ ያደረገው ነገር የለም፤ የጠየቀውም የለም። ሠሪዎቹ ጊዜና ጉልበት እንደነበራቸው ብቻ ነው ያወቅነው። በዚያው ጨዋታ ውስጥ ደግሞ ዋናው ገጸ ባሕርይ አርተር ሞርጋን የማስታወሻ ደብተር አለው። ተጫዋቹ በሄደበትና ባየው ልክ ደብተሩ በእርሳስ ሥዕልና በአርተር የእጅ ጽሑፍ ይሞላል። ክፈቱት ብሎ የሚያስገድዳችሁ የለም፤ ሳትከፍቱት ጨዋታውን መጨረስ ትችላላችሁ። የከፈተ ሰው ግን ያ ባቡር ዘራፊ፣ ያ ሰው ገዳይ ሽፍታ፣ ለካ ለብቻው ቁጭ ብሎ ያየውን አጋዘን የሚስል ሰው እንደሆነ ያውቃል። አጋዘኑን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ የሳለው እሱ ነው። ለእኔ ከፈረሱ ይልቅ ይህ ደብተር ይበልጣል።

ከተጫዋቹ ሥራ ጋር የተሳሰረ ትንሽ ነገር እስከ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ለማሳየት የምመርጠው ምሳሌ ግን የቆየ ነው። በ1995 በጃፓን የወጣው «ክሮኖ ትሪገር» የሚጀምረው በአንድ መንግሥት የሺህ ዓመት በዓል ላይ ነው። ድንኳን ተተክሏል፣ ሕዝቡ ይተራመሳል። ክሮኖ የሚባለው ወጣት በግርግሩ መሀል ከአንዲት ልጃገረድ ጋር ይጋጫል፤ ሁለቱም ይወድቃሉ፤ የአንገት ጌጧም ወዲያ ይፈናጠራል። ተጫዋቹ መጀመሪያ ወዴት ይሄዳል? ብዙዎቻችን ወደ ጌጡ። ጨዋታ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር ካየን ማንሳት ልማዳችን ነው። በበዓሉ ሜዳ ላይ የአንድ ሽማግሌ ምሳ ተቀምጧል፤ ብትበሉት የሚከለክላችሁ የለም። እሱንም እንበላለን፤ በጨዋታ ዓለም ሜዳ ላይ የተቀመጠ ምግብ ሁሉ የእኛ ነውና። አንዲት ሕፃን ደግሞ ድመቷ ጠፍታባታለች። ድመቷን ፈልጎ መመለስ ይቻላል፤ ዝም ብሎ ማለፍም ይቻላል።

ከዚያ ታሪኩ ይከንፋል። ተጫዋቹ ወደ ሌላ ዘመን ተጉዞ፣ ተዋግቶ፣ ተመልሶ ሲመጣ ይያዝና ፍርድ ቤት ይቆማል። ልጃገረዷ ለካ ልዕልት ኖራለች፤ ክሱም ልዕልቲቱን ጠልፈሃል የሚል ነው። የተከሳሹ ጠባይ ይመርመር ይባላል። ይሄኔ ነው ምሳው የተበላበት ሽማግሌ ለምስክርነት ብቅ የሚለው! ድመቷን መልሳችሁላት ከሆነ ሕፃኗ ትመጣና ስለ እናንተ ደግነት ትናገራለች። ጌጡን ነበር ያስቀደምከው ወይስ የወደቀችውን ልጅ? ይህም ይነሳል። ሰባቱ ፈራጆች ድምፅ የሚሰጡት በዚህ ሁሉ ላይ ተመሥርተው ነው።

የሚገርመው፣ ፍርዱ ምንም ይሁን ምን ክሮኖ ወህኒ ቤት መግባቱ አይቀርም፤ ታሪኩም በያዘው መንገድ ይቀጥላል። ስለዚህ «ጥቅሙ ምንድን ነው?» የሚል ሰው ቢኖር ከሂሳብ አንጻር እውነት አለው። ነገር ግን ያ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ከመሰከረባችሁ በኋላ የቀረውን ጨዋታ በሙሉ እጃችሁን ሰብስባችሁ ነው የምትጫወቱት። በየቤቱ ገብታችሁ ሣጥን ስትከፍቱ ዞር ብላችሁ ታያላችሁ። አንዲት ለደቂቃዎች የምትቆይ ትዕይንት ዓለሙን በሙሉ ምስክር አደረገችው። ጨዋታው ከዚያ በኋላ ይህን ዘዴ ደጋግሞ አይጠቀምበትም፤ መደጋገምም አያስፈልገውም፤ እኛ ፈርተናል።

የዚህ ዘመድ የሆኑ ሌሎች አሉ። በ2005 የወጣው «ሬዚደንት ኢቭል 4» መጀመሪያ አካባቢ እግሩ በወጥመድ የተያዘ ውሻ አለ። ፈትታችሁ ብትለቁት ሮጦ ይሄዳል፤ ትረሱታላችሁ። በኋላ ከአንድ ግዙፍ ፍጡር ጋር ስትፋለሙ ያው ውሻ ከየት መጣ ሳይባል ይደርስና በጩኸቱ የግዙፉን ትኩረት ይስባል። ውሻውን ያልፈታ ሰው ብቻውን ይታገላል፤ ምን እንደቀረበት እንኳን አያውቅም። በ2015 የወጣው «አንደርቴል» ደግሞ ከዚህ የከፋ ተንኮል አለው። መጀመሪያ ላይ በእናትነት የምትቀበላችሁን ቶሪየልን ገድላችሁ፣ ጸጸት ይዟችሁ፣ ጨዋታውን ካስቀመጣችሁበት መልሳችሁ ብትጀምሩና ሳትገድሏት ብታልፉ፣ ፍላዊ የተባለው ክፉ አበባ ያደረጋችሁትን እንደሚያውቅ ይነግራችኋል። ጨዋታ ማስቀመጥና መልሶ መጀመር ከታሪኩ ውጭ ያለ፣ የኮምፒውተሩ ጉዳይ ነው ብለን እናምን ነበር። ሠሪው ቶቢ ፎክስ ግን እዚያም ድረስ ተከትሎ ጠበቀን።

እስካሁን ስለሚሠራ ተጫዋች ተናገርሁ። ምንም የማይሠራውስ? መቆምም አንድ ተግባር ነው፤ ጎበዝ ሠሪዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቃሉ። በ1991 የመጀመሪያው «ሶኒክ» ላይ ተጫዋቹ እጁን ከመቆጣጠሪያው ላይ ሲያነሳ ሶኒክ ወደ እኛ እያየ በትዕግሥት ማጣት እግሩን መሬት ላይ መታ መታ ያደርጋል። በ1996 «ሱፐር ማሪዮ 64» ላይ ማሪዮን ትታችሁት ብትሄዱ እንቅልፍ ይወስደዋል። አንዱ ይቆጣል፣ ሌላው ያሸልባል፤ ሁለቱም ያለ አንድ ቃል ጠባያቸውን ነግረውናል።

ከሁሉም ግን በ2014 የወጣው «ፋር ክራይ 4» ያደረገውን እወደዋለሁ። ጨዋታው ከዳር እስከ ዳር የጠመንጃ ጨዋታ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤጄይ የእናቱን የተቃጠለ አስከሬን አመድ በአገሯ ለማኖር ይመጣል፤ አምባገነኑ ፔገን ሚን ይይዘውና ምግብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ «መጣሁ፣ እዚሁ ጠብቀኝ» ብሎት ይወጣል። ተጫዋች የሆነ ሁሉ በዚህ ጊዜ ይነሳል፤ ያመልጣል፤ ከዓማፅያን ጋር ይቀላቀላል፤ ለሰዓታት የሚቆየው ጦርነትም ይጀመራል። ሠሪዎቹ ግን አንድ ታዛዥ ሰው ሊኖር ይችላል ብለው አሰቡ። የተባለውን አድርጋችሁ ሩብ ሰዓት ገደማ ከወንበራችሁ ሳትነሱ ብትጠብቁ ፔገን ሚን በእርግጥ ይመለሳል፤ ስለ ጨዋነታችሁ ያመሰግናችኋል፤ አመዱ የሚቀመጥበት ቦታም ይወስዳችኋል። ጨዋታው አለቀ። እናንተ አንድ ጥይት ሳትተኩሱ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ይወርዳል። የዚያ ሁሉ ደም ሰበብ እኛ ትዕግሥት ማጣታችን መሆኑን ከዚህ የበለጠ በሚያሳፍር መንገድ መናገር ይቻላል ብዬ አላምንም።

አሁን ደግሞ ጭራሽ እንዳይታዩ ተብለው ወደተሠሩት ልምጣ። የዛሬው ንግግሬ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ቴክኒካዊ ብሆን ታገሡኝ።

«ሴሌስት» በ2018 የወጣ፣ አንዲት ወጣት ተራራ የምትወጣበት ከባድ የዝላይ ጨዋታ ነው። በሥራው መሪዋ ማዲ ቶርሰን ከጊዜ በኋላ ጨዋታው ለተጫዋቹ በስውር የሚያደርገውን ምሕረት በይፋ ዘርዝራለች። አንዱ ይኸውላችሁ። እየሮጣችሁ ከመድረኩ ጠርዝ ደረሳችሁ እንበል። የዝላዩን ቁልፍ ስትጫኑ እግራችሁ መሬቱን ቀድሞ ለቅቆ ነበር። በደንቡ ከሄድን ዘግይታችኋል፤ አየር ላይ ቆሞ መዝለል የለም፤ መውደቅ አለባችሁ። ጨዋታው ግን የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይታገሣችኋል፤ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ከተጫናችሁ እንዳልዘገያችሁ ቆጥሮ ያዘላችኋል። በካርቱን ፊልም ገደሉን አልፎ አየር ላይ ጥቂት ከሮጠ በኋላ የሚወድቀውን ኮዮት የሚባል እንስሳ አስታውሰው ባለሙያዎቹ ዘዴውን «የኮዮት ጊዜ» ይሉታል። በተቃራኒውም፣ መሬት ሳትደርሱ ትንሽ ቀድማችሁ ከተጫናችሁ ትእዛዛችሁን ይዞ ይቆይና እግራችሁ መሬት ሲነካ ይፈጽመዋል። ስትዘሉ ራሳችሁ የጣሪያውን ማዕዘን ቢነካ ከመግጨት ይልቅ ወደ ጎን ፈቀቅ ያደርጋችኋል። ቁልፉን ተጭናችሁ ከቆያችሁም የዝላያችሁ ጫፍ ላይ የመሬት ስበቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የምታርፉበትን ለማስተካከል ጊዜ ታገኛላችሁ።

ይህ ማታለል ነው የሚል ይኖራል። እስቲ ከተጫዋቹ በኩል እንየው። ዓይን ጠርዙን ያያል፤ አእምሮ ይወስናል፤ ጣት ይታዘዛል፤ ስክሪኑም ለውጡን እስኪያሳይ ጊዜ ያልፋል። ተጫዋቹ «በሰዓቱ ተጭኛለሁ» ብሎ በሙሉ ልቡ ያምናል። ኮምፒውተሩ ትክክለኛውን ሰዓት ቢያስከብር ተጫዋቹ የሚማረው ነገር የለም፤ «መቆጣጠሪያው አልታዘዝ አለኝ» ብሎ ይበሳጫል እንጂ። ስለዚህ ጨዋታው ከሰዓቱ ይልቅ የተጫዋቹን ሐሳብ ያምናል። ከባድ የሚባሉ ጨዋታዎችን ከተመለከታችሁ፣ ሰው የሚወዳቸው ከባዶቹ እንዲህ ዓይነት ስውር ደግነት ያላቸው ናቸው። ደግነት የሌላቸው ከባዶች ተጥለው ይቀራሉ።

የዚህ አሳብ መነሻ ሩቅ ነው። በ1985 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» የመጀመሪያውን ስክሪን አስቡ። ሣጥኑን በጭንቅላታችሁ ስትመቱት እንጉዳይ ይወጣና ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቀድማችሁ ያገኛችሁት ጠላት እንጉዳይ ስለሚመስል ይህኛውንም ልትሸሹት ትችላላችሁ። ሠሪው ሺገሩ ሚያሞቶ ይህን አስቦበታል፤ እንጉዳዩ ከፊት ያለውን ቱቦ ገጭቶ ወደ እናንተ ይመለሳል፤ ልትዘሉት ብትሞክሩ ከላይ ያሉት ጡቦች መልሰው ያወርዷችኋል። ሳትወዱ በግድ ትነኩታላችሁ፤ ማሪዮ ያድጋል፤ እንጉዳይ መልካም እንደሆነ ያለ መምህር ተማራችሁ።

በ2017 ጄኒፈር ሾይርለ የተባለች የጨዋታ ዲዛይነር ባልደረቦቿን ስለዚህ ዓይነት የተሰወሩ ዘዴዎች ጠይቃ ብዙ መልስ አግኝታ ነበር። ከወጡት መካከል ይህ አለ፦ በ«አሳሲንስ ክሪድ» እና በ«ዱም» ውስጥ የሕይወት መጠናችሁን የሚያሳየው መስመር ሊያልቅ ሲል የመጨረሻዋ ቁራጭ ከሌሎቹ የበለጠ ጥይትና ምት ትችላለች። ተጫዋቹ ለጥቂት እንደተረፈ ይሰማዋል። ለጥቂት መትረፍ ደግሞ ከድል በላይ የሚወራ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። «ፋየር ኤምብለም» የሚባሉት የጦር ስልት ጨዋታዎች ከመምታታችሁ በፊት የመምታት ዕድላችሁን በመቶኛ ያሳያሉ። ከ2002 ጀምሮ በብዙዎቹ ውስጥ ኮምፒውተሩ ዕጣውን አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ አውጥቶ አማካዩን ይወስዳል። በዚህ ምክንያት 90 በመቶ የተባለው በእርግጥ 98 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ 10 በመቶ የተባለው ደግሞ ወደ 2 ይወርዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው 90 በመቶ ሲባል «በእርግጠኝነት» ብሎ ነው የሚሰማው፤ ከአሥር አንዴ ሲስት ጨዋታው ያጭበረበረው ይመስለዋል። ዘዴው ይሠራል። ሆኖም ሴሌስት የሰጠችኝ ጊዜና ይህ ቁጥር ለእኔ እኩል አይደሉም። ሴሌስት የነገረችኝ ቁጥር የለም፤ ይኸኛው ግን ቁጥር ጽፎ አሳይቶኛል። የተጻፈ ነገር እውነት መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ብዙ ባለሙያዎች በዚህ አይስማሙም፤ ምናልባት በጥያቄው ጊዜ እንከራከርበታለን። በነገራችን ላይ የዛሬዎቹ «ቴትሪስ» ጨዋታዎች ለተመሳሳይ ችግር ንጹሕ መፍትሔ አላቸው፤ ተጫዋቹ እንዲደረድራቸው ከላይ የሚወርዱትን ሰባት ቅርጾች እንደ ካርታ በውዘው በተራ ያወጡና ሲያልቁ እንደገና ይበውዛሉ። ረጅሙን ቅርጽ ስትጠብቁ ከአሥራ ሁለት ሌሎች ቅርጾች በላይ አታሳልፉም። ማንም አልዋሸም፤ ዕድል ራሷ ትንሽ ሥርዓት ያዘች።

ይህን ሁሉ ስትሰሙ ትንንሽ ነገር የሀብታም ድርጅት ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። በዚያው በ1985ቱ የማሪዮ ጨዋታ ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ነው፤ አንዱ ነጭ ሌላው አረንጓዴ ተቀብቷል። ጨዋታው በሙሉ በ40 ኪሎባይት ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በ1978 «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን የሠራው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ 55 ወራሪዎችን ስክሪኑ ላይ ሲያሰልፍ ማሽኑ ከበደው፤ ወራሪዎቹ አዘገሙ። ተጫዋቹ እየመታ ሲያሳንሳቸው ማሽኑ ቀለለውና የቀሩት መፍጠን ጀመሩ። ኒሺካዶ ይህን እንደ እንከን አላረመውም፤ ተወው። እያሸነፋችሁ በሄዳችሁ ቁጥር አደጋው እየፈጠነ የሚመጣበት ያ ስሜት ከማሽን ድካም የተገኘ ነው።

ጆርዳን ሜክነር በ1989 ያወጣውን «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» ሲሠራም የኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ሞላበት። የልዑሉን ሩጫና ዝላይ ወንድሙን በቪዲዮ ቀርጾ ነበር የሳለው፤ ለሌላ ጠላት የሚሆን ቦታ አልቀረም። መፍትሔው የልዑሉኑ ሥዕል ለውጦ ጥላ የሚመስል ተቀናቃኝ ማድረግ ሆነ። ልዑሉ መስተዋት ሰብሮ ሲያልፍ ጥላው ከውስጥ ይወጣል፤ መድኃኒቱን ይጠጣበታል፤ በር ይዘጋበታል። መጨረሻ አካባቢ ሰይፍ ተማዝዘው ሲገናኙ ጥላውን የወጋ ሰው የራሱ ሕይወት ሲቀንስ ያያል። የሚያልፈው ሰይፉን ወደ አፎቱ የመለሰ ብቻ ነው፤ ያኔ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። የቦታ እጥረት ባይኖር ኖሮ ምናልባት አንድ ተራ ጠላት ይጨመር ነበር።

ስለ ዓይን ትንሽ ልበልና ልለፍ። በ1980 «ፓክማን» ውስጥ የሚያሳድዱን አራቱ መናፍስት ዓይናቸው ወደሚዞሩበት አቅጣጫ ቀድሞ ያያል፤ ያስተዋለ ተጫዋች መታጠፊያው ላይ ሳይደርሱ ሐሳባቸውን ያነባል። በ1998 «ግሪም ፋንዳንጎ» ስክሪኑ ላይ ጠቋሚ ምልክት የለም፤ ማኒ የሚባለው ገጸ ባሕርይ የሚጠቅም ነገር አጠገብ ሲያልፍ ራሱን ያዞራል፤ እኛም እሱ ያየውን እናያለን። በ«ሱፐር ማሪዮ 64» ደግሞ ካሜራውን በደመና ላይ ተቀምጦ የሚይዘው ላኪቱ የሚባል ፍጡር እንደሆነ መጀመሪያ ላይ ይነገረናል፤ እንረሳዋለን። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ግን ትልቅ መስተዋት ያለበት ክፍል አለ። መስተዋቱ ፊት ስትቆሙ ከማሪዮ ጀርባ ላኪቱ ካሜራውን አንጠልጥሎ ይታያል። ተጫዋቹ እስከዚያ ድረስ የሚያየው በማን ዓይን እንደነበር ተገለጠለት።

ቀድሞ ማሰብ ልክ አለው ወይ? ከ1987 ጀምሮ ሲዳብር የኖረው «ኔትሃክ» ልክ የለውም የሚያሰኝ ነው። ሥዕል የለውም ማለት ይቻላል፤ ዓለሙ በሙሉ በፊደልና በምልክት ነው የሚታየው። ነገር ግን የኮምፒውተራችሁን ቀን አይቶ ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ዕድለኛ እንደሆናችሁ ይነግራችኋል። የነካውን ሁሉ ድንጋይ የሚያደርግ ኮካትሪስ የሚባል ፍጡር አለበት። ጓንት አድርጋችሁ ሬሳውን ብታነሱ እንደ መሣሪያ ይዛችሁ ጠላቶቻችሁን ድንጋይ ማድረግ ትችላላችሁ። ብልሃት አገኘሁ ብላችሁ ስትኩራሩ ጉድጓድ ውስጥ ብትወድቁ ግን ሬሳው ላይ ታርፉና እናንተው ድንጋይ ትሆናላችሁ። ተጫዋቾቹ ሠሪዎቹ ያላሰቡት ነገር የለም የሚል አባባል ያወጡት ወደው አይደለም።

በ«ድዋርፍ ፎርትረስ» ደግሞ አሳብ ከአሳቢው አመለጠ። ሠሪው ታርን አዳምስ በ2015 በምድር ውስጥ ለሚኖሩት ድንኮች መጠጥ ቤት ጨመረላቸው። ብዙም ሳይቆይ ድመቶች መሞት ጀመሩ። ነገሩ ሲመረመር እንዲህ ሆኖ ተገኘ፦ ድንኮቹ ሲጠጡ ቢራ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ድመቶቹ በፈሰሰው ላይ ይራመዳሉ፤ መዳፋቸው ይርሳል፤ ድመት ደግሞ ራሷን በምላሷ ታጸዳለች። ጨዋታው እያንዳንዷን ልሰት እንደ ሙሉ ኩባያ ቆጠራት፤ ትንሽ ሰውነት ያን ያህል አልኮል አይችልም። ማንም ሰካራም ድመት ልሥራ ብሎ አልተነሳም። የፈሳሽ፣ የመዳፍ፣ የምላስና የክብደት ደንቦች ተገናኝተው ድመቷን ገደሏት። ተስተካክሏል፤ እኔ ግን ሳይስተካከል ቢቀር የምመርጥ ሰው ነኝ፤ ድመት ወዳዶች ይቅር ይበሉኝ።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው መሆኑን ልብ እንበል። እያንዳንዷ የምትቀልጥ በረዶ የአንድ ሰው ቀን ናት። ቀኑ ሲረዝም፣ ሌሊቱም ሲጨመርበት የዝርዝሩ ብዛት ለሥራ ጫና ሽፋን ይሆናል። «በዚህ ጨዋታ ውስጥ ስንት ዝርዝር አለ?» የሚለው ፉክክር የማይጥመኝ ለዚህም ነው። ጥቂት ሆነው ቦታቸውን የያዙ ይሻላሉ።

ለጥቂትነት «ሪተርን ኦቭ ዘ ኦብራ ዲን»ን የሚያህል አላውቅም። ሉካስ ፖፕ በ2018 ያወጣው ይህ ጨዋታ ቀለሙ ሁለት ብቻ ነው። ነገሩ የሆነው በ1807 ነው፤ ሰው አልባ ሆና ወደብ የተመለሰች መርከብ ላይ የነበሩ 60 ሰዎች እነማን እንደነበሩና ምን እንደደረሰባቸው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የመድን መርማሪ ሆናችሁ ታጣራላችሁ። ስም የሚጠራ ሰው እምብዛም የለም። ያላችሁ የሞቱበት ቅጽበት ቆሞ የቀረ ምስል፣ የስም ዝርዝርና ጥቂት ሥዕሎች ናቸው። አንዱን መርከበኛ የምታውቁት በተኛበት የተንጠለጠለ አልጋ ቁጥር ነው፤ ሌላውን ከአልጋው በወጣ እግሩ ባደረገው ጫማ፤ ሌላውን ዘወትር ከማን ጋር እንደሚቆም አይታችሁ። እስካሁን «ባታዩትም ጨዋታው አይጎድልም» እያልሁ የመጣሁት እዚህ ጋ ይፈርሳል። እዚህ ትንሹ ነገር ራሱ ጨዋታው ነው። ያላስተዋለ ሰው አንድ እርምጃ አይራመድም።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳብኛል፤ ዛሬም መነሳቱ ስለማይቀር ቀድሜ ልመልሰው። ከመቶ ተጫዋች አንዱ ብቻ ለሚያየው ነገር መድከም ተገቢ ነው ወይ? በ2019 የወጣውን «አውተር ዋይልድስ» ልጥቀስ። ያልተጫወታችሁ ጆሯችሁን ያዙ ብል ስለማትይዙ ተጠንቅቄ እናገራለሁ። በዚህ ጨዋታ 22 ደቂቃ ኖራችሁ ትሞታላችሁ፤ ከዚያ እንደገና ከዚያው ቦታ ትነቃላችሁ። ፕላኔቶቹ በያዙት መንገድ ይዞራሉ፤ አሸዋው በዚያው ደቂቃ ይፈስሳል፤ ሁሉም ነገር ያንኑ ይደግማል። ስትነቁ የመጀመሪያው የምታዩት ሰማይ ነው፤ ከአንድ አረንጓዴ ፕላኔት አጠገብ የሆነ ነገር ይፈነዳል፤ ብርሃን የያዘ ነገርም ተወርውሮ ይሄዳል። ይህን ሁሉም ሰው ያየዋል። ደጋግሞ ያየዋል፤ ልክ እንደ በር መክፈቻ ድምፅ ስለሚለምደው ማየቱን ያቆማል። ከብዙ ሞት በኋላ ግን አንዱ ተጫዋች ቀና ብሎ ያቺ ብርሃን የሄደችበት አቅጣጫ ካለፈው ጊዜ የተለየ መሆኑን ይረዳል። ሁሉም ነገር የሚደገም በሚመስልበት ዓለም እሱ አይደገምም፤ ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ዓይኑ ፊት ነበር። ለምን እንደሆነ መናገር ጨዋታውን ማበላሸት ስለሚሆን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ስለዚያ የ90 በመቶ ጉዳይ መከራከር የሚፈልግ ሰው ቢኖር እሱን አስቀድማለሁ።